ዝምተኛው የሰረዛት መስመር

ነበልባል የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ ያን ቀን ጠዋት ግን ከስሟም በላይ ነደደች። ከዓመት እረፍቷ ስትመለስ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበራ!

የምትሠራበት ድርጅት የሊፍት መቆጣጠሪያ ሳጥን ይሠራል። ሳጥኑ ውስጥ ኮምፒውተር አለ፤ ከርነል የሚባለው፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የሚያዘው እምብርት፣ የእሷና የዝምተኛው ሥራ ነው። ዝምተኛው ከምላሱ ይልቅ ጣቱ የሚፈጥን ባልደረባዋ ነው፤ ባዶው ወንበርም የእሱ ነው።

እሷ በሌለችበት ከርነሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። የት? እዚያው የራሳቸው ሕንፃ ሊፍት ውስጥ! ማን ተሳፍሮበት? የድርጅቱ ባለቤት! ሰውዬው በሁለት ፎቅ መሀል ተንጠልጥሎ ቆይቶ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ወጣና "የማን ሥራ ነው ይሄ?" አለ። የክፍሉ ኃላፊ ዓይኑን በጨው ታጥቦ "የዝምተኛው ነዋ! መስመሯን ሰርዟት" አለ።

መስመሯ ታሪክ አላት። ከወራት በፊት ከርነሉ እንዲሁ በየመሀሉ ቀጥ ብሎ መቆም ጀምሮ ነበር። የት ላይ እንደሚቆም ለማየት "እዚህ ደርሻለሁ" ብላ የምትጽፍ አንዲት መስመር ኮዱ ውስጥ ከተቱ። መቆሙ ቀረ! እሰይ ተባለ፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ ነበልባል ራሷ እንኳ ሌላ ሥራ ይዟት ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ "ያቺን መስመር እንዳትነኳት" የቤቱ ሕግ ሆነ። ዝምተኛው ኮዱን ሲያጸዳ ሰረዛት፤ ባለቤቱ ተንጠለጠለ፤ ሲወጣም "ይባረር" አለ። ዝምተኛው "አዎ፣ እኔ ነኝ" ብሎ ዕቃውን በካርቶን ሰብስቦ ወጣ።

"እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም?" አለች ነበልባል። "ቃል የምትጽፍ መስመር እኮ ናት! ቃል ስላልተጻፈ ሊፍት ይቆማል? በሽታው ሌላ ቦታ ነው። እኔ ኮምፓይለሩን ነው የምጠረጥረው።" የጻፉትን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉመውን ፕሮግራም ማለቷ ነው።

ኃላፊው ሳቀ። "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ስንቱ የሚጠቀምበትን ኮምፓይለር? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዝሽው።"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለችና ተቀመጠች።

ፈልጋ ስታይ ኮምፓይለሩ ለካ ከወራት በፊት፣ ከርነሉ መቆም በጀመረበት ሰሞን በአዲስ ተቀይሯል። ኮዱን በድሮውና በአዲሱ ኮምፓይለር ለየብቻ አስተረጎመችው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታ እየተሳደበች አነበበች። አገኘችው! ከርነሉ "ሞተሩ መልስ ሰጥቷል ወይ?" እያለ ደጋግሞ ማየት አለበት። አዲሱ ኮምፓይለር ግን ላፍጥን ብሎ "አንዴ ከታየ ይበቃል" አለና ድጋሚ ማየቱን ቆርጦ ጥሎታል። አንዴ "ገና ነው" ከተባለ ከርነሉ ያንኑ ይዞ ተገትሮ ይቀራል። ያቺ መስመር መሀል ላይ ካለች ግን፣ በመሀሉ ነገር ተለውጦ ይሆናል ብሎ ኮምፓይለሩ ለመቁረጥ አይደፍርም። መስመሯ በሽታውን ሸፈነችው እንጂ አላዳነችውም። ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው ወይስ ድሮም ኮዱ በደንብ አልነገረውም? እሱ ገና ብዙ ያከራክራል። የዝምተኛው አለመሆኑ ግን አያከራክርም።

"አዲሱን ማን ጫነው?"

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ... ፈጣን ነው ሲሉ ሰምቼ። ትንሽ ነገር መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም።"

ደሟ ፈላ። "ሰው ከሥራው አፈናቅለህ ትንሽ ነገር? ወይ አለማፈር!"

ጩኸቷን ሰምቶ የመጣው ባለቤት "በቃ ደውሉለት፣ ይመለስ" አለ።

"በስልክማ አይሆንም!" አለችና ኃላፊውን እየነዳች ዝምተኛው ቤት ወሰደችው።

በሩን የከፈተችው ሚስቱ ነበረች። "እስቲ አንቺ ንገሪው እህቴ" አለች በሹክሹክታ። "እህል አይቀምስም። 'ሰው ልገድል ነበር' እያለ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውላል።"

ዝምተኛው ሶፋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብሏል። ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ ስለ ኮምፓይለሩ አንድ ባንድ ነገረው። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንተ አይደለም። ይቅር በለኝ" አለው።

ዝምተኛው ቀና ብሎ አየው። "እርግጠኛ ነህ?" አለ። "ደግማችሁ አይታችሁታል?"

ሲወነጅሉት ማስረጃ ያልጠየቀ ሰው፣ ንጹሕ ነህ ሲሉት ማስረጃ ይጠይቅ? ነበልባል ዓይኗን በመዳፏ ጠራርጋ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችና አጠገቡ ተቀመጠች።

"ና፣ ራስህ እይ" አለችው።