ጎማውን ማን ነፋው?

ብስክሌቴን ሰው ነክቶታል። ይህን ያወቅኩት በኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ ዜባህ በሚሉት ሰፈር ባለው ሕንጻችን ምድር ቤት፣ እዚህ ኬለር በሚሉት ክፍል ውስጥ፣ የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው። ትቼው ስወጣ ለስለስ ብሎ ነበር። አሁን ድንጋይ ሆኗል። ጎማ በራሱ ይተነፍሳል እንጂ በራሱ አይነፋም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከውድቀቴ ልጀምር። ባለፈው ጥር ኦፕፊኮን ካለው ሆቴል ሥራ ጨርሼ ወደ ቤት ስነዳ፣ የፊት ጎማዬ እርጥብ የትራም ሐዲድ ውስጥ ገባና ወደቅኩ። የዳሌ አጥንቴ ተሰበረ። ሚስቴ እራት አቅርባ በር በሩን እያየች ሳለ ነው ከሆስፒታል የተደወለላት። ወራት በክራንች አለፉ። በጋው ሲገባ ሐኪሙ "ከፈለጉ መንዳት ይችላሉ" አለኝ። እኔ ግን በበጋው ሙቀቱን፣ ቀጥሎ ዝናቡን ሰበብ አደረግኩ፤ በመጨረሻ ጨለማው መጣልኝ። በዚህ ወቅት ሰው ከሰዓት በኋላ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ይመሻል። "በዚህ ጨለማ ማን ይነዳል?" ስል የሚከራከረኝ የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ፤ ፈርቼ ነበር።

ብስክሌት ግን እወዳለሁ። አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ የተማርኩት ሰፈራችን በሰዓት ይከራይ በነበረ ፍሬን አልባ ብስክሌት ነው፤ ማቆሚያው የጫማዬ ሶል ነበር፣ የእናቴም ቁጣ ስለ ጫማው ነበር። ስለዚህ ባልነዳውም እጠይቀዋለሁ። ከሥራ ስመለስ ወደ ኬለር እወርድና ካቴናውን ዘይት እቀባለሁ፤ የኋላውን ጎማ ከመሬት ከፍ አድርጌ ፔዳሉን በእጄ አሽከረክራለሁ። አንዳንዴ ሄልሜቴን አጥልቄ ኮርቻው ላይ ጉብ እላለሁ። የኬለሩ መብራት ትንሽ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። ሲጠፋ በግላት ወንዝ ዳር እየነዳሁ ነው እላለሁ። ክረምቱን የማሳልፈው እንዲህ ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ።

እንግዲህ ይህን ጎማ ማን ነፋው? መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከበላያችን የሚኖሩትን አሮጊት ነው። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ ሴት ናቸው። ነገር ግን እሳቸው የሰው ንብረት አይነኩም፤ ቢቸግራቸው ይከሳሉ እንጂ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሐሳቤ ወደ ጎረቤቴ ዞረ። የወሎ ልጅ ነው፣ እዚያው ሆቴል አብረን እንሠራለን፣ ጠዋት ጠዋት በአንድ ትራም እንሄዳለን።

"ጋሼ፣ ብስክሌቷ ደኅና ናት?" ይለኛል።

"ብስክሌት ይታመማል እንዴ?"

"አብሽር ጋሼ፣ ለሰላምታ ያህል ነው" ይልና ወደ መስኮቱ ይዞራል።

ሰው ስለ ሰው ብስክሌት ጤና የሚጠይቀው በደጉ አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች። እኔም ጥርጣሬዬን ሳላበርድ አንድ ማታ ሚስቴ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። እህቷ የምትኖረው ጄኔቭ፣ ቶኔ በሚባለው ሰፈር ነው። በየዓመቱ የታኅሣሥ ገብርኤልን እዚያ ሄደን እሷ በምትሳለመው ቤተ ክርስቲያን እናነግሣለን።

"እስካሁን አላወቀም" አለች ሚስቴ። "ለገብርኤል ይዤው እመጣለሁ። ባቡሩ ላይ ቦታ ሞልቷል፣ ምን ችግር አለው?"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ፍንትው አለልኝ። ስለት ነው። ሆስፒታል ስተኛ ለገብርኤል ተስላለች። ሌላዋ ሴት ምንጣፍ ትሳላለች፣ ሻማ ትሳላለች፤ የእኔዋ ብስክሌቴን ተስላለች። የባሏን አጥንት የሰበረውን ነገር ለመልአኩ ብታስረክብ ማን ይፈርድባታል? ጎማውንም የነፋችው ለገብርኤል የሚገባ ነገር ጎዶሎ መሆን ስለሌለበት ነው። ተናደድኩ። ከሰው ጋር ቢሆን እጣላ ነበር፤ ከገብርኤል ጋር እንዴት ይጣላሉ?

በማግስቱ ከብስክሌቱ የሚከብድ ሁለተኛ ቁልፍ ገዝቼ ከማሞቂያው ቧንቧ ጋር ጠፈርኩት። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ የምታቀርብልኝን የጾም ሽሮ ሳይቀር በጥርጣሬ ነበር የምበላው።

ከበዓሉ በፊት በነበረው እሑድ ከሰዓት በኋላ "ጎረቤታችን ጋ ደርሼ ልምጣ" ብያት ወጣሁና ወደ ኬለር ወረድኩ። ከሰው የበረዶ መንሸራተቻና ከተደረደሩ የመኪና ጎማዎች ኋላ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱ ጠፋ። ቁርጭምጭሚቴ በብርድ ደነዘዘ። ሌባ ስጠብቅ እኔው ሌባ መስዬ የተቀመጥኩ መሆኔ አልጠፋኝም።

በሩ ተከፈተ፣ መብራቱ በራ። ሚስቴ ናት። ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች፣ በእጇ የብስክሌት ፓምፕ ይዛለች። ተንበርክካ ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ ልክ እኔ እንደማደርገው፤ ከዚያ መንፋት ጀመረች።

"ለገብርኤል ልትሰጪብኝ ነው አይደል?" አልኩ ከኋላዋ።

ፓምፑ ከእጇ ወደቀ። "በስመ አብ! አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው?" ነገሩ ሲገባት ቀና ብላ አየችኝ። "ለመሆኑ ገብርኤል ብስክሌት ምን ያደርግለታል? ክንፍ አለው እኮ።"

"ከእህትሽ ጋር ስታወሪ ሰምቻለሁ።"

"ስትሰማ ደህና አድርገህ ስማ።" ተነሥታ የእኛን የዕቃ ማስቀመጫ ከፈተችና ከሻንጣዎቹ ጀርባ በአንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አወጣች። አንሶላውን ገለጥ አደረገችው። የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነው፤ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው፣ ወርቀ ዘቦ። "ይኸው የተሳልኩት። ከበጋ ጀምሮ እዚህ ነው ያለው።"

"እኔ እኮ ከዳንኩ ቆየሁ" አልኩ። "ታዲያ ለምን እስካሁን አላስገባሽም?"

"እንድትድን አይደለም የተሳልኩት። አጥንትህንማ ሐኪሞቹ ይጠግኑታል አልኩ።" ፓምፑን ከመሬት አነሣች። "ተመልሰህ እንድትነዳ ነው የተሳልኩት።"

የጃንጥላውን ዘርፍ በጣቴ ነካሁ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ለገብርኤል ብለህ ትነዳ ነበር። እኔ የለመንኩት እንደ ድሮህ እንድትሆን ነው። ጎማው ተንፍሷል ብለህ ሌላ ሰበብ እንዳታገኝ እየወረድኩ እነፋለሁ። አነፋፉን ያሳየኝ ያ የወሎ ልጅ ነው፤ ሁለታችንም ስንጠብቅህ ከረምን። ዘንድሮ ካልሆነም ለሚመጣው ዓመት ይዤው እሄዳለሁ ብዬ ነበር።"

"ለእህትሽ ግን ለዘንድሮ ነው ያልሻት።"

"ተስፋ አይደረግም እንዴ?"

"ፈርቼ ነው" አልኳት። ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር።

"አውቃለሁ" አለች። መብራቱ ጠፋ። ማብሪያውን በዳበሳ ስፈልግ እጇን አገኘሁት።

ወዲያው እነዳለሁ ብዬ ተነሣሁ፣ ግን የዚያ ከባድ ቁልፍ መክፈቻ ሆቴሉ ባለው ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ከራሷ ከሚስቴ ልደብቅ ብዬ እዚያ ያኖርኩት እኔው ነኝ። በሳቅ ፈረሰች። በማግስቱ መክፈቻውን አመጣሁ፤ ከሥራ መልስ፣ በጨለማ፣ የብስክሌቱን የፊትና የኋላ መብራት አብርቼ ወጣሁ። ፊቴን ብርዱ ገረፈኝ፣ ዓይኔ አለቀሰ፣ ደስ አለኝ። ሐዲዱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። የሚላወስ እባብ ይመስል አተኩሬ አየሁት። ማንም እንዳላየኝ ዙሪያዬን ቃኝቼ ወረድኩ፣ ብስክሌቱን እየገፋሁ ተሻገርኩ፣ ከማዶ እንደገና ወጣሁበት። ስመለስም እንዲሁ አደረግኩ።

ሕንጻው በር ላይ ሚስቴ ካፖርት እንኳ ሳትደርብ ቆማ ነበር። ስንት ሰዓት እንደቆመች አልጠየቅኳትም።

"ሐዲዱን ወርጄ በእግሬ ነው የተሻገርኩት" አልኳት፤ መዋሸት አልቻልኩም። "ይቆጠራል?"

"እሱን ለገብርኤል እኔ አስረዳዋለሁ" አለች።

ከዚያ ጎንበስ አለችና የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። "ትንሽ አየር ጎድሎታል" አለች፣ ቀና ሳትል። እንደ ልማዴ ጠረጠርኳት። ጎማው ምንም አልጎደለውም ነበር፤ ፊቷን እየደበቀችኝ ነው።