ሰባት ተብሎ የኖረው ስምንት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ተጨምቆ ሲያበቃ ስንት ጠብታ ይወጣዋል? አርባ ዓመት ፍልስፍና ሳስተምር ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እሰጥ ነበር፤ መልሱን ግን እኔም አላውቀውም። መልሱ በትክክል የታወቀለት ሰው ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ ከእኔ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ይኖር የነበረው ሉድሚል ቻካሮቭ። የእሱ ዕድሜ ሲጨመቅ ሦስት ሺህ አንድ መቶ መስመር የኮምፒውተር ኮድ ወጣው። ከዚያም ግማሹ ማሽኑ የማያነበው፣ ለሰው ተብሎ የተጻፈ ማስታወሻ ነው፤ ከማስታወሻውም ግማሹ ስድብ ነው።

ሉድሚል እዚህ ሩሴ ከተማ፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ባለው የመርከብ ስምሪት ቢሮ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበር። ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ፣ ሸሚዙ ላይ ባኒጻ የሚሉት የትናንት የአይብ ቂጣ ፍርፋሪ የማይጠፋ ሰው። ሚስቱ ጥላው የሄደች ዕለት ደረጃው ላይ ቆማ፣ «ምናለ ሴት ብትወድብኝ! ለሰው የምናገረው ነገር ይኖረኝ ነበር» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ የወደደው ሊፓን ነበር። ሊፓ ድረ ገጽ የሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ማዕቀፍ ነው፤ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ሰዎች ያለ ደመወዝ የሚጽፉት። አዲሱ ሊፓ ሲወጣ ሁሉም ወደዚያ ነጎደ። ሉድሚል አሮጌው ላይ ቀረ።

የቀረው ወዶ አይደለም። ቢሮው ውስጥ በመስታወት ተለብጦ የተሰቀለ፣ ከቁጥጥር መሥሪያ ቤት የተሰጠ፣ ሦስት ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ አለ። ፈቃዱ ላይ «ሊፓ፣ ቨርዥን 1.4.7» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ሌላ ለመጫን እንደ አዲስ መመርመር፣ ለመመርመር ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አሮጌው ሊፓ ደግሞ አንድ አመል ነበረው፤ ካልጠየቁት አይናገርም። የስምሪት ሠራተኛዋ ዶንካ «የወንዙ ጥልቀት ስንት ነው?» ብላ ቁልፍ ትጫናለች፤ ገጹ መልሶላት መስመሩን ይዘጋል። ከደቂቃ በኋላ እንደገና መጫን ነው። በዚያ በድርቁ ዓመት፣ በሐምሌ፣ ዶንካ አራት ደቂቃ ሽንት ቤት ቆይታ ስትመለስ ገብስ የጫነች ጀልባ አሸዋ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። አለቃው አልጮኸም። «ሌላ አንድ ጀልባ ብቻ፤ ከዚያ ገበያ ሄደሽ የሱፍ ፍሬ ትሸጫለሽ» አላት።

ዶንካ በቀጥታ ሉድሚል ጠረጴዛ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። «ባይ» ትለዋለች፤ ጋሼ እንደ ማለት ነው።

«ባይ ሉድሚል፣ እኔ የሽንት ፊኛ አለኝ። ይሄ የእርስዎ ፕሮግራም ፊኛ የለውም። ታዲያ ለምን ዕድሜዬን ሙሉ እኔ እጠይቀዋለሁ? ራሱ አይነግረኝም?»

«ሳይጠይቁት አይናገርም።»

«የኔ ባል እንኳ ሲርበው ራሱ ይናገራል!»

ሉድሚል ይህችን ነገር ይዞ ወደ ቤት መጣ። አዲሱ ሊፓ ዌብሶኬት የሚባል ነገር አለው፤ አንዴ የተከፈተ መስመር ሳይዘጋ ይቆያል፣ ሁለቱም ወገን ሲፈልግ ይናገራል። ይህን ከአዲሱ አውጥቶ አሮጌው ውስጥ ሊሰፋው ወሰነ። የሃያ ዓመት ልጅ ኩላሊት ለእኔ እንደ መስፋት ነው አልኩት። «እርስዎ እምቢ ይላሉ፤ ሊፓ እምቢ አይልም» አለኝ።

ሊፓ ግን እምቢ አለ። አሮጌው እያንዳንዱን ጠያቂ ለአንድ አገልጋይ የሚሰጥ፣ አገልጋዮቹም ዐሥር ብቻ ስለነበሩ፣ ዐሥር የጀልባ ካፒቴኖች መስመሩን ይዘው ሲቀመጡ ለሌላው ሁሉ በሩ ተዘጋ። ሁሉንም መስመሮች በአንዴ የሚጠብቅ፣ ዘበኛ የሚሆን ኮድ ጻፈለት። ያም ሆኖ መስመሩ ተከፍቶ አንድ ቃል እንደተናገረ ድርግም ይላል። ሦስት ሳምንት ፈለገ። በመጨረሻ ከኮዱ አንድ ጥግ ላይ አገኛት፤ ማንኛውም መልስ እንዳለቀ መስመሩን የምትቆርጥ አንዲት ትእዛዝ። ከበላይዋ ማስታወሻ አለ፦ «ይህችን የሚነካ እጁ ይሰበር። ሉ.ቻ.» ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ራሱ የጻፋት ናት።

«ፕሮፌሰር፣ የረገመኝን ሰው አገኘሁት» አለኝ። «ወፍራም ነው።»

በነሐሴ መጀመሪያ የዶንካ ስክሪን ላይ ያለው ቁጥር ማንም ሳይነካው መንቀሳቀስ ጀመረ። ወንዙ አንድ ጣት ሲወርድ ቁጥሩም ይወርዳል፤ አደጋ ሲሆን ይጮሃል። ዶንካ አማተበች። ከዚያ ጋዜጣ ይዛ ሽንት ቤት ገባች።

እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው ዝም ይል ነበር። የሉድሚል ወገኖች፣ ኮድ ጸሐፊዎች፣ ግን አንድ ሃይማኖት አላቸው፤ ውስጡን የነካ ቁጥሩን ይለውጣል። በገጹ ግርጌ 1.4.8 ብሎ ጻፈ።

በየነሐሴው ለቁጥጥር የሚመጣው ፔልቴኮቭ ሰኞ ዕለት መጣ። መነጽሩን አደረገ፤ ፈቃዱን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ፈቃዱን አየ።

«ወረቀቱ ሰባት ይላል። ይሄ ስምንት ይላል። ይዘጋ።»

«ውስጡን ይዩት እንጂ!» አለ ሉድሚል።

«ውስጡ እኔን አይመለከተኝም።»

«እሺ፣ ውስጡ እንዳለ ሆኖ ቁጥሩን ሰባት ብለውስ?»

«ያኔ ልክ ይሆናል።»

«ውሸት ይሆናል!»

«ደንብ ይሆናል፣ ባይ ሉድሚል። እስከ ምሳ ሰዓት እጠብቃለሁ።»

ወንዙ በዚያ ጠዋት ብቻ አራት ጣት ወርዷል። ሁለት ጀልባዎች ከላይ እየመጡ ነው። ዶንካ እጁን ያዘችው። «ሰባት ይበሉት! ከፈለጉ ዶንካ ይበሉት! እኔ የሱፍ ፍሬ መሸጥ አልችልም፤ ራሴ በልቼ ነው የምጨርሰው።»

ሉድሚል እኔ ጋ ደወለ። «ፕሮፌሰር፣ በስሙ የሚዋሽ ነገር በሥራው እውነተኛ ሊሆን ይችላል?»

አርባ ዓመት ያስተማርኩትን ሁሉ አገላበጥኩ። «ሁላችንም እንደዚያው አይደለን?» አልኩት።

«እርስዎም ለምንም አይረቡም» ብሎ ዘጋው።

ስምንቱን ሰባት አደረገው። ፔልቴኮቭ ፈርሞ ምሳውን ሊበላ ሄደ። ሁለቱ ጀልባዎች በሰላም አለፉ፤ በዚያ ዓመትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አንዲትም ጀልባ አሸዋ ላይ አልወጣችም። ዶንካ እስከ ጡረታዋ እዚያው ወንበር ላይ ቆየች። ሉድሚል ግን በዚያ ገጽ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር፤ የሌላ ሰው ስም የተሰጠው ልጁን እንደሚያይ አባት።

ሥራውን ለሊፓ ጸሐፊዎች ላከላቸው፤ በአሮጌው ስም፣ 1.4.8 ተብሎ ይታወቅ ዘንድ። «አሮጌው ተዘግቷል፣ ወደ አዲሱ ይሻገሩ» የሚል መልስና የምትስቅ ቢጫ ፊት መጣለት። ከዚያ በኋላ በየጸደዩ ለቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። ዐሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። የመጨረሻውን ሆስፒታል ተኝቶ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩለት። ሌሎቹም እንደዚያው ነበሩ፤ ሰላምታ፣ የፈቃዱ ቁጥር፣ ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ፈቃዱ ላይ ያለችውን ሰባት ስምንት እንድታደርጉልኝ እጠይቃለሁ፤ እስክሪብቶውን እኔ አመጣለሁ።»

ማንም አላደረገለትም።