ከምኑ ይቅር ልበልሽ?

ኦግኒያን ታባኮቭና እኔ ፕሎቭዲቭ ውስጥ፣ ከድሮዎቹ የትምባሆ መጋዘኖች ጀርባ በሚገኝ ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ ፕሮግራም ይጽፋል፤ እኔ ሰዎች በፕሮግራሙ እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚያስረዳውን መመሪያ እጽፋለሁ። መኖሪያችንም አንድ ሕንፃ ነበር። እሱ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ። ሌላው ሰው በሁለት ቀን የሚጨርሰውን በአራት ቀን የሚጨርስ፣ ግን የጨረሰው ነገር ተመልሶ የማይመጣበት ሰው ነበር። ዛሬ እሱን ሳስብ ፊቱ የሚመጣልኝ በዚያች አንዲት የየካቲት ሳምንት እንደነበረው ሆኖ ነው።

የእሱን ሥራ የምትፈትሸው ሩሚያና ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ሳለ ተቀጠረች፤ መፈተሽን ያስተማራት እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስቶይል የሚባል የአውቶቡስ መካኒክ ስታገባ ኦግኒያንን ኩም አድርጋ መረጠችው። ኩም ማለት በሠርጉ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሙሽሮቹ ኋላ የሚቆም፣ ከዚያም የልጆቻቸው ክርስትና አባት የሚሆን ሰው ነው። ከሥጋ ዘመድ አያንስም፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ሩሚያና ቢሮ ውስጥ ሳይቀር «ኩሜ» እያለች ነበር የምትጠራው። እሱም ሰው ሥራዋን ሲጠራጠር፣ «ሩሚ የፈተሸችው ድልድይ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እሻገረዋለሁ» ይል ነበር።

በእኛ ቢሮ ፕሮግራም ጸሐፊ የራሱን ስህተት መዝገብ ውስጥ አያስገባም። ያ የፈታሽ ሥልጣን ነው። ፈታሽ ቀይ ምልክት ካደረገ ሥራው ይቆማል፤ አረንጓዴ ካደረገ ወደ ደንበኛው ይሄዳል። ሁለቱ ግን የራሳቸው ወግ ነበራቸው። ሩሚያና ስህተት ስታገኝ ባለ ጎማ የቢሮ ወንበሯን እየገፋች ወደ ጠረጴዛው ትመጣና በቃል ትነግረዋለች፤ እሱ ዝም ብሎ ያርማል። እሱም የራሱን ሲያገኝ እንዲሁ ይነግራታል። በሁለቱ መካከል የተጻፈ ነገር አልነበረም። እኛ በዚህ እንቀና ነበር።

በዚያ ሳምንት ለአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል የተሠራው ፕሮግራም የመጨረሻ ፍተሻ ላይ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ኦግኒያን አንድ ስህተት አገኘ፤ ሁለት ነርሶች የአንዱን በሽተኛ ገጽ በአንድ ጊዜ ከከፈቱ የኋለኛዋ ትእዛዝ የፊተኛዋን ያጠፋዋል፤ ማንም አያውቅም። ለማረም አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ለሩሚያና ነገራት። «ቤትህ ግባ ኩሜ፤ ነገ ጠዋት ቀይ ሆኖ ታገኘዋለህ» አለችው። እሱም ገባ። ረቡዕ እርማቱን ጀምሮ ሲሠራ ውሎ መዝገቡን ከፍቶ ለማየት እንኳ አልተነሣም። እሷ አደርገዋለሁ ያለችውን አይቶ ማረጋገጥ በሁለቱ ዘንድ ነውር ነበር።

ሐሙስ የሆስፒታሉ ሰዎች መጡ። ዋና ፋርማሲስቷ ሁለት ነርሶችን በሁለት ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ ወዲያው ያንኑ አሠራቻቸው። የአንደኛዋ ትእዛዝ ጠፋ። ፋርማሲስቷ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋችና ካፖርቷን ጠየቀች።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ካሎያን ይባላል። ሁላችንንም ሰብስቦ መዝገቡን ግድግዳው ላይ አበራው፤ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነበር። ኦግኒያን እንደዚያ ቀን ግድግዳ ላይ አፍጥጦ አይቼው አላውቅም። ማክሰኞ እንደነገራት ተናገረ። ካሎያን ወደ እሷ ዞረ።

«ነግሮሽ ነበር?»

«አልነገረኝም» አለች ሩሚያና።

ካሎያን ኦግኒያንን የጽሑፍ ማስረጃ እንዳለው ጠየቀው። ከእሷ ጋር የዘጠኝ ዓመት ወዳጅነት ነበረው፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ግን አልነበረውም። ካሎያን ለሆስፒታሉ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ደብዳቤ እንደሚላክ ገለጸ፤ በደብዳቤውም ስህተቱን ፕሮግራም ጸሐፊው እያወቀ እንደደበቀ ይጻፋል። የሚጻፈው በስሙ ነው። እሱ ስሙን ይዞ የኖረ ሰው ነበር፤ ከዚያ ሌላ ብዙም አልነበረውም።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ቀን ያመንኳት እሷን ነበር። ደክሞታል፣ ተምታቶበት ይሆናል አልኩ። ካሎያን ረቡዕ ጠዋት ሩሚያናን ለብቻዋ እንዳነጋገራት፣ ፍተሻው በቀኑ ካለፈ የፈታሾች አለቃ እንደሚያደርጋት ቃል እንደገባላት የሰማሁት በጋው ሲገባ ነው።

እሑድ ከዐቢይ ጾም በፊት የሚውለው የይቅርታ እሑድ ነበር። በእኛ አገር በዚያ ቀን ታናሽ ወደ ታላቅ፣ ተዳሪዎች ወደ ኩማቸው ሄደው እጅ ይስማሉ፤ ይቅርታ ይለምናሉ። ዝላትካ፣ የኦግኒያን ሚስት፣ ለምሳ ጠርታኝ እነሱ ቤት ነበርኩ። ባኒጻው፣ የአይብ ቂጣችን፣ ከምድጃ ሳይወጣ ደወሉ ተደወለ። ስቶይል፣ ሩሚያናና ልጃቸው ዮአና ነጭ ሃላዋና ብርቱካን ይዘው ገቡ። ሩሚያና አልመጣም ትላለች ብዬ ነበር። ባትመጣ ግን ባሏ ለምን ብሎ ይጠይቃታል።

ስቶይል ጎንበስ አለ። በዚያ ቀን ብቻ አንቱ ይሉታል።

«ይቅር ይበሉኝ ኩሜ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

ልጅቷም ሳመችው፤ ለእሷም እንዲሁ አላት፤ ጸጉሯንም ነካ አደረገው። ከዚያ ሩሚያና ቀረበች።

«ይቅር ይበሉኝ ኩሜ።»

«ከምኑ ይቅር ልበልሽ?» አለ ኦግኒያን።

በዚያ እሑድ ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ስቶይል ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ዘንድሮ ኩማችን እኛኑ መፈተሽ ጀመረ» አለ።

«ከሁሉም ነዋ» አለች ሩሚያና።

«ሁሉም አይደለም። አንድ ነገር ነው፤ የማክሰኞው።»

«በዓል ነው ኩሜ። የሥራውን ነገር እዚህ አናምጣው።»

«እሺ፣ እዚህ አታምጪው። ነገ ከእኩለ ቀን በፊት ካሎያን ፊት አንዲት ቃል በይ። ‹ነግሮኛል›፣ በቃ። ከዚያ ብርቱካኑን እኔ ራሴ ይዤ እናንተ ቤት እመጣለሁ።»

ሩሚያና ባሏን አየች፤ ከዚያ ምንጣፉን አየች። አንገቷ ሥር ቀስ እያለ ቀላ። ምንም ክርክር፣ ምንም ማስረጃ አላስፈለገኝም፤ ማን እንደዋሸ ያን ጊዜ ገባኝ። ስቶይልም ሳቁን አቆመ። ዝላትካ ሳህን ልታመጣ ገብታ ወጥ ቤት ቆየች። ኦግኒያን «ይቅር ብዬሻለሁ» አላለም። እጁን ግን አልሸሸገም፤ ሩሚያና ሳትስመው ቀረች።

ምሳ ሳይበሉ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስብሰባ ነበር። ሩሚያና ስለሚቀጥለው ፍተሻ ረጋ ብላ ተናገረች፤ ቀን ጠቀሰች፣ የኮምፒውተር ብዛት ጠቀሰች። ኦግኒያን እስክትጨርስ አያት። እኔ እሑድ ያየሁትን ልናገር ካሎያን ቢሮ ሄድኩ። «አንገቷ ቀላ ብለህ ነው የመጣኸው?» አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ ደብዳቤው ሄደ። ከዚያ በኋላ ኦግኒያን ወደ ካሎያን ጠረጴዛ ሄዶ ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን ሌላ ሰው እንዲፈትሽለት ጠየቀ። ሩሚያና ሁለት እርምጃ ርቃ ተቀምጣለች።

«ከእሷ የተሻለ ፈታሽ ከየት ላምጣልህ?» አለው ካሎያን።

«የለም፤ አውቃለሁ» አለ ኦግኒያን። «ግን እኔና እሷ የለመድነው በቃል መግባባት ነበር፤ ከእሷ ጋር በጽሑፍ አልችልበትም።»