የአባቴ አንገት

በዘይት የተለወሰ የፌጦ ሽታ አፍንጫዬን በመታኝ ቁጥር፣ ላሊበላ የነበረው ቤታችንና የአባቴ ቀኝ ክንድ ትዝ ይሉኛል። አባቴ ቄስ ነበር፤ በየዓመቱ ለጥምቀት ታቦቱን በራሱ ላይ ተሸክሞ የሚወርደውም እሱ ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ አንድ ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ ክንዱን ያመው ጀመር። ሕመሙ እያቃጠለ ወርዶ እስከ አውራ ጣቱ ይዘልቅና፣ ሰው ሊያሳልም መስቀሉን ሲያነሳ እጁ ይደነዝዝበት ነበር። እናቴ «ብርድ መቶዎት ነው» እያለች ፌጦ ወቅጣ ታሸው ነበር፣ በጾሙ ወጌሻ መጥቶ ክንዱን ጎተተው፣ ክረምቱን ደግሞ ጸበል ሲመላለስ ከረመ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለእርከን ሥራ ሲጠራው ክንዱን እያሳየ ይቀር ነበር፤ እኔ ሞኟ ታዲያ በዚህ እቀናበት ነበር።

ኅዳር ላይ ሲብስበት እናቴና እኔ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን። የሚያክመው ድሬሰር ገና ወጣት ነበር፤ ክንዱን ትቶ የአባቴን ራስ ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ ቢያዘነብለው፣ አባቴ «ኧረ ማርያም!» ብሎ አውራ ጣቱን ያዘ።

«አባ፣ ክንድዎ ደኅና ነው» አለው ድሬሰሩ። «ጅማቱ የሚነሳው ከአንገትዎ ነው። ምንጩ ላይ የደፈረሰ ውሃ ታች ነው የሚታይ። አንገትዎን አሞዎት አያውቅም?»



«ከጥምቀት ጀምሮ ያመኛል» አለ አባቴ መሬት መሬት እያየ። «ታቦት የሚከብደው ኃጢአት ያለበትን ነው ይባላል። አንገቴን አመመኝ ማለት ፈራሁ።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና አለቀሰች፤ ወዲያው ግን ተቆጣች።

«ቄሴ፣ ምን ነካዎት! አንገትም እኮ ሥጋ ነው!»

በቀጣዩ ጥምቀት ታቦቱን ሌላ ካህን ተሸከመ፣ አባቴም ከኋላ ከመዘምራኑ ጋር እየዘመረ ወረደ። ክንዱ በበጋው ቀስ በቀስ ተሻለው፤ እኔ ግን በዚያ የጥምቀት ቀን ፊቱን እያየሁ አንጀቴን በልቶኝ ነበር።

አሁን አስተማሪ ነኝ። ደብተር ሳርም አጎንብሼ እየዋልኩ እኔንም አንገቴን ያመኛል፣ እስከ ክንዴም ይወርዳል። በጀመረኝ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነገርኩ፣ ክኒንና እንቅስቃሴ ታዘዘልኝ፣ ቤቴ ገብቼም ለልጆቼ እያማረርኩ ተኛሁ። አባቴ ግን ያን ዓመት ሙሉ፣ ፈጣሪ የተቀየመው መስሎት፣ ብቻውን ነው የገፋው።