ዘበኛ የሚያስተኛ ኪኒን

የካርቶን ፋብሪካው ዘበኛ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ሆኖ አንድ ቀን እንኳ ዓይኑን አልከደነም። ሠራተኞቹ «አይተኜ» ይሉታል። ቅጽል ስሙን ይወደዋል፤ ሲጠሩት ቀበቶውን ያጠብቃል። በሩን ሲከፍት አንድ ስንኝ፣ ሲዘጋ ሌላ ያንጎራጉራል። አዝማቹን የምትቀበለው «ምክትል» ናት፤ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ ቡናማ ውሻው።

አንድ ሰኞ የጭነት መኪና ገብቶ ሲወጣ ምክትል ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ከንፈሯን ገልጦ ቢያይ ድዷ እንደ ወረቀት ነጥቷል። በእጅ ጋሪ ጭኖ፣ ማንጎራጎሩን ትቶ እያጉረመረመ፣ የእንስሳት ክሊኒክ አደረሳት።

ሐኪሟ ደም ቀዳች፣ ሆዷን በአልትራሳውንድ አየች። ከዚያ እንዲገባው ብላ ቀለል አድርጋ ነገረችው።

«አባባ፣ ጣፊያዋ ላይ የካንሰር እጢ አለ። ደም ያነሳት ግን ፈስሷት አይደለም። ሰውነታችን በሽታ የሚከላከሉ ዘበኞች አሉት። የእሷን ዘበኞች እጢው አደናገራቸውና የገዛ ደሟን እንደ ሌባ እያሳደዱ ይፈጁታል። ጥፋቱ የዘበኞቹ ነው።»

አይተኜ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«የጠፋ ነገር ሁሉ በዘበኛ ይላከካል። ጭራሽ ውሻ ሆድ ውስጥም?»

«እርስዎን እኮ አላልኩም።»

«እዚህ ቤት ሌላ ዘበኛ አለ?»

«የደም ዘበኞቿን ነው፣ አባባ።»

«ተኝተው ነው?»

«መቼ ተኝተው። ከልክ በላይ ነቅተው። ወዳጅና ጠላት መለየት አቅቷቸው።»

አይተኜ ቀበቶውን አላላ። ባለፈው ወር የሥራ አስኪያጁን አማት «መታወቂያ» ብሎ ዝናብ ላይ ያቆማቸው እሱ ነበር።

«እና ምን ይሻላል፣ ልጄ?»

«እጢውን ከነጣፊያዋ እናወጣዋለን። አሁን ግን ቀዶ ጥገናውን የምትችልበት ደም የላትም። መጀመሪያ ዘበኞቹን የሚያስተኛ ኪኒን ትውሰድ። ካልተኙ አትተርፍም።»

ዘበኛ የሚያስተኛ ኪኒን። መርዝ የሰጡት ይመስል በሁለት ጣቱ ተቀበላት።

ጠዋት ጠዋት በጥበቃ ቤቱ ውስጥ ኪኒኗን በእንቁላል ሸፍኖ ያጎርሳታል። ከዚያ ጆሮውን ደረቷ ላይ ደግፎ ያንጎራጉራል፤

ደጁን ብዘጋልሽ ቁልፉ በእጄ ሳለ፣
ምን ይበጀኝ ይሆን ሌባሽ ውስጥሽ ካለ።

ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተኙ በቃ፣ ባልደረቦቼ፤ ማንም አያያችሁም» ይላቸዋል።

በስምንተኛው ቀን ድዷ እንደ ጎህ ሰማይ መቅላት ጀመረ። ጣፊያዋ ወጣ። ሐኪሟ ካንሰሩ ሊመለስ እንደሚችል አልደበቀችውም። «የቆየችውን ያህል ትቆይልኝ» አለና ሆዷን የተላጨችውን ምክትሉን በጋሪው ገፍቶ ተመለሰ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሥራ አስኪያጁ ክላክስ ቢነፋ ቢነፋ በሩ አልተከፈተም። በእግሩ ገባ። አይተኜ አግዳሚው ላይ ጭልጥ ብሎ ተኝቷል፤ የምክትል ራስ ጭኑ ላይ ነው።

«አይተኜ፣ ምን ጉድ ነው?»

«የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ጌታዬ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ዘበኛ ሲተኛ ነው የሚሻላት።»

ይሄኔ ምክትል እየተንገዳገደች ተነሣችና ሥራ አስኪያጁ ላይ ጮኸችበት። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አይተኜ ከተከደነው ዓይኑ ጠርዝ እንባውን ጠረገ።

«ጎሽ፣ የኔ እመቤት» አላት፤ «መታወቂያውን ጠይቂው።»