መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል

አባቴ ሸዋ በር የቲማቲም መደብ ላይ የወጣ ዕለት፣ ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። መካኒኩ ነው፣ አለቀ።

መደብ ላይ ወጣ ስል ሰው የተጎዳ እንዳይመስላችሁ። ሻጯ ዘወር ብላ ነበር፤ የተጨፈለቀው ቲማቲሟ ብቻ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ታክሲ ልይዝ እዚያው ቆሜ ነበርና ሁሉን በዓይኔ አይቻለሁ። የአባቴ መኪና ቀስ እያለች መጣች፣ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ሸሸች፣ የፊት ጎማዋ ቲማቲሙ ላይ ወጣ። ሰው ከበበን። አባቴ ወረደና ጎማውን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል» አለ። ሁሉም አመነው። ዕድሜ ልኩን መሪ የጨበጠ ሰው ይጎትታል ካለ ይጎትታል።

አባቴ ሐረር የመጣው በወታደርነት ነው፣ የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ። ጡረታ ሲወጣም ወደ አገሩ አልተመለሰም። አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ገዛና ከሸዋ በር ሶፊ ድረስ ሰው በኮንትራት ማመላለስ ያዘ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ከአልጋው የምታስነሳው ያቺ መኪና ናት። እሷን ካጣ ቤት ተቀምጦ እንደሚያልቅ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ደሜ የፈላው ለዚህ ነው።

መካኒኩ በቅርቡ የመሪዋን ቴስቲና ቀይሮ ነበር። ቴስቲና ምን እንደሆነ ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው፤ መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው። «መሪው በቀጥታ ጎማውን የሚያዞረው እንዳይመስልሽ» ይለኝ ነበር። «መሪው ዘንጉን ያዞራል። ከዘንጉ ጫፍ ትንሽ ጥርሳም ማርሽ አለች፤ እሷ ስትዞር ጥርስ ያለውን አግዳሚ ብረት ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታስኬደዋለች። አግዳሚው ደግሞ በሁለት ክንዶቹ ጎማዎቹን ይገፋል፣ ይስባል።» ክንዱ ከጎማው ጋር የሚገናኝባት መጋጠሚያ ናት ቴስቲና። ጭን ዳሌ ውስጥ እንደሚዞረው፣ ክብ ራሷ ጎድጓዳ ቤት ውስጥ ትዞራለች። እሷ ከላላች መሪው ሌላ፣ ጎማው ሌላ ያስባል።

እና ጋራዡ ገባሁ። መካኒኩ የጀጎል ልጅ ነው፣ እኩያዬ፣ ሥራውን በቀልድ የሚሠራ ዓይነት። ደንበኞቹ ፊት፣ «በአባቴ ነፍስ ነው የምትቀልደው?» አልኩት።

«ወላሂ እህቴ፣ በደንብ ነው የገጠምኩት። መኪናዋ ትምጣና እንያት» አለኝ።

አባቴ ከኋላዬ እየነዳ ገባ። መካኒኩ መኪናዋን በክሪክ አነሳት፣ የቀኙን ጎማ በሁለት እጁ ይዞ ናጠው፣ ወደ አባቴም ዞሮ፣ «ጋሼ ይዩ፣ ጨዋታ የለውም» አለ።

«እኔም ለጨዋታ አልመጣሁም» አልኩ።

ሰዎቹ ሳቁ። የመሪን ልልነት ጨዋታ እንደሚሉት አጥቼው አይደለም፤ ምላሴ ነው የቀደመችኝ። ሲስቁልኝ ደግሞ ባሰብኝ።

ከዚያ ሌላውን ሁሉ አየው። የግራውን ቴስቲና ናጠ፣ የአግዳሚውን ብረት የላስቲክ ሽፋኖች ዳበሰ፣ የጎማዎቹን ነፋስ ለካ። ሲባጎ ወጥሮ የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ ጋር መስመር መግጠማቸውን አየ። ፍሬኑ ይዞ እንደሆን ብሎ የቀኙን ጎማ በእጁ ሲያሾረው፣ ጎማው ያለምንም ችግር ዞረ። አባቴ እንደ ወትሮው «እዚህ ጋ እየው፣ እዚያ ጋ እየው» አላለም። ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ያያል።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አላገኘሁባትም» አለ መካኒኩ።

«ምን ታገኛለህ፤ ሌባ ነህ» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። ሰውን በገዛ ጋራዡ፣ በጎረቤቱና በደንበኛው ፊት ሌባ ማለት ምን እንደሆነ ሐረር ላደገ ሰው አይነገርም። መካኒኩ እኔን አላየኝም፤ አባቴን አየው። ረዘም አድርጎ አየውና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ውስጥ ገባ። አባቴ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚህ ያነሰ ተናግሬ በሰው ፊት ጆሮዬን የቆነጠጠኝ ሰው ነው። እሱ ግን፣ «እስቲ አንቺ ንጂያት» ብቻ አለኝ።

በሶፊ መንገድ ወጣን። ሾፌር መሪን የሚፈትነው እንዲህ ነው፦ ሜዳ ላይ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ፍጥነት ቀንሶ እጁን ከመሪው ያነሳል። መሪው የሚጎትት ከሆነ መኪናዋ ራሷ ትናገራለች። እጄን አነሳሁ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ደግሜ አነሳሁ። አሁንም ቀጥ ብላ ሄደች።

አባቴን ሰረቅ አድርጌ ሳየው፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ አልነበረም። መሪውን ነው የሚያየው፣ ማንም ሳይነካው ቀጥ ያለውን መሪ። ግራ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድማለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰሞኑን ሸሚዙን ሳይቆልፍ ይወጣ ነበር፤ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ግራ እጁ ጉልበት አጥታ መሪውን ካልያዘች፣ የቀኝ እጁ ክብደት ብቻውን ወደ ቀኝ ያወርደዋል። ሌባ ያልኩት ሰው ትዝ አለኝ፣ ፊቴ ነደደ። ከዚያ የባሰው ግን አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ እንደገባኝ ማየቱ ነበር። አሳፈርኩት ብዬ አፈርኩ።

እናም ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። መሪውን በትንሿ ጣቴ ወደ ቀኝ ነካ አደረግሁትና፣ «ይኸው፣ ጎተተች። እውነትህን ነው አባዬ» አልኩ።

ትንሽ እንደሄድን፣ «ዳር ያዢ» አለኝ። አቆምኩ።

«ጣትሽን አይቻለሁ። የመኪናዋን ስም አታጥፊ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን ቁጣ አልነበረበትም። በቀኝ እጁ ግራ እጁን፣ የሰው ዕቃ እንደሚያነሳ ሁሉ፣ ብድግ አደረገና ጭኔ ላይ አኖራት። ቀዝቃዛ ናት።

«የምትጎትተው ይቺ ናት» አለ። «ካወቅሁ ሰንብቻለሁ። ቴስቲናውን ቀይር ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጁ ‹ጋሼ ደህና ነው፣ አያስፈልገውም› ብሎኝ ነበር። አይ፣ ቀይር አልኩት።»

ሌባ ስለው መካኒኩ ለምን አባቴን እንዳየው ያኔ ገባኝ። አንዲት ቃል ተናግሮ ሊያሳፍረን ይችል ነበር።

«ለምን ዝም አልክ አባዬ?»

«ቁልፌን እንዳትወስጂብኝ ነዋ።» አለ። «ሰው በሐሰት ሲሰደብ ቆሜ ሰማሁ። ለቁልፍ ብዬ።»

በሁለት እጄ እጁን ይዤ ባሻት፣ ባሻት ሙቀት አልገባት አለ። በኋላ ሞተሩን አስነሳሁና፣ «ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው» አልኩት።

«ጋራዡ መንገዳችን ላይ ነው» አለ። «እዚያ አቁሚልኝ። አፌም እንደ እጄ ሳይከዳኝ፣ አፉ በለኝ ልበለው።»