ድሪቶ በኪስታ

ልጅ እያለሁ ስሜ ድሪቶ ነበር። ያወጣችልኝ ገነት ናት፤ ዛሬ እዚሁ ስቶክሆልም፣ ኪስታ የምትኖረው፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን አጣፍታ ከፊቴ የምትቆመው ገነት። "የኔ ቆንጆ፣ ደህና ነሽ?" ትለኛለች። "እግዚአብሔር ይመስገን" እላታለሁ። ሆዴ ግን ሌላ ይላል። ቂመኛ ነኝ፤ ምን ላድርግ!

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤታችን የስፌት መኪና ዘይትና የአዲስ አቡጀዲ ሽታ ነበረው። ከደንበኞቿ ልብስ የተረፈውን ቁርጥራጭ በከረጢት ታጠራቅምና ሥራ ሲቀዘቅዝላት ትገጣጥመዋለች። እንዲህ አድርጋ ለእኔና ለእህቴ ብርድ ልብስ ሰፋችልን። የሙሽራ ሳቲን፣ የተማሪ ካኪ፣ የቄስ ካባ ጠርዝ፣ ምን የሌለ ነገር ነበር! ተኝተን "ይሄ የማን ነው?" እየተባባልን የሰፈሩን ሰው ሁሉ በጣታችን እንዳስስ ነበር። እንደሱ የሚሞቅ ነገር እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ የስዊድንን ማሞቂያ ጨምሮ።

አንድ ቀን ገነት የቤት ሥራ ልትገለብጥ እኛ ቤት መጣች። አልጋው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አየች። በማግስቱ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት፣ ተራዬ ደርሶ ጠጠሬን ልወረውር ስል፣ "ድሪቶ አትገባም!" አለች። በቃ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያዘው። የሒሳብ መምህራችን ሳይቀሩ "ድሪቶ፣ ወደ ሰሌዳው" ብለውኛል።

እሱንስ ተውኩት። ያልተውኩት፣ ልጆቹ በራችን ድረስ ተከትለውኝ ሲጮኹ እናቴ መስማቷን ነው። የስፌት መኪናዋን አቆመች። ተነስታ ብርድ ልብሱን አጣጠፈችና ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችው። ዳግመኛ አላወጣችውም፤ ቁርጥራጭ ማጠራቀምም ተወች። ያን ክረምት እኔና እህቴ አንዲት ጋቢ ስንጓተት ከረምን። እናቴ በእጇ ሥራ ስታፍር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ይቅር በሉ እያሉ አባ ስንት ጊዜ ሰብከዋል፤ እኔ እንጃ።

አምና ታዲያ ኪስታ ገበያ ወጥቼ ቤተ መጻሕፍቱ ጎን ካለው አዳራሽ በር ላይ ሰልፍ አየሁ። ምን ተገኘ ብዬ ገባሁ። ኧረ በስመ አብ! ግድግዳው ሙሉ ድሪቶ! የስዊድን ሽማግሌዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እያንዳንዱን ስፌት ጎንበስ ብለው ያያሉ። "አትንኩ" የሚል ተለጥፏል። መሃል አዳራሹ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ኢንግሪድ የምትባል የማህበራቸው ሊቀመንበር ሶፍት ይዛ መጣች። አዎ፣ ማህበር አላቸው፤ እንደኛ የማርያም ሳይሆን የብርድ ልብስ። ማክሰኞ ማክሰኞ ተሰብስበው ይሰፋሉ፣ ከዚያ ቡናቸውን በቀረፋ ዳቦ ይጠጣሉ። የዚያኑ ቀን ተመዘገብኩ።

አንድ ማክሰኞ ኢንግሪድ "ይህ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?" አለችኝ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። "ድሪቶ" አልኳት። "ዲሪቶ! እንዴት ደስ የሚል ቃል ነው!" ብለው አጨበጨቡ። ስድብ እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የዘንድሮውን ኤግዚቢሽን "ድሪቶ" አሉት። ማስታወቂያው በላቲን ፊደልም በአማርኛም ቱነልባናው፣ የምድር ባቡሩ፣ መግቢያ ላይ ተለጠፈ። አማርኛውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ጎላ አድርጌ።

ይሄኔ ነው የገነት ልጅ ሊዲያ ፊደላችንን አይታ እናቷን እየጎተተች የመጣችው። ሊዲያ እዚሁ ነው ያደገችው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። በእናቴ አሠራር የሰፋሁትን ብርድ ልብስ አየችና ከበላዩ ያለውን ጽሑፍ እያሳየች "ማማ፣ ድሪቶ ምንድን ነው?" አለቻት።

ገነት ቃሉን አየች፣ እኔን አየች። "ጨርቅ ነው... የሚያምር ጨርቅ" አለች።

"ኧረ ገነትዬ፣ በደንብ ንገሪያት እንጂ!" አልኩ። ወደ ልጅቷ ዞርኩና "ስሙን ያወጣችው እኮ እናትሽ ናት። ልጆች ሆነን፣ የእናቴን ሥራ አይታ" አልኳት።

ሊዲያ በኩራት ልትሞት! ሮጣ ኢንግሪድን ጠራቻት። ኢንግሪድ የገነትን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነቻት። ሊዲያም ስልኳን አውጥታ እናቷን እዚያ ቃል ስር አቆመቻትና "ማማ፣ ሳቂ!" አለቻት። ገነት ሳቀች፤ አንገቷ ድረስ ቀልታ ሳቀች።

ስትወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እስከ ዛሬ ይዘሽው ነው?" አለችኝ።

"ምኑን?" አልኳት።

ያኔ በዚያ ቃል ስጠራ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሰዉ ተሰልፎ ያየዋል፤ እናቴ ብቻ ሳታይ ሄደች። ፎቶውን ሊዲያ ልካልኛለች። ብርዱ ሲጠና ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ አየዋለሁ። እናቴ ብትኖር "ተዪ፣ ነውር ነው" ትለኝ ነበር። ከዚያ ግን ጥቂት ቆይታ "እስቲ ደግመሽ አሳዪኝ" ማለቷ አይቀርም።